ጣሪያ የተበጀለት ልብ

ጎሉ የገባው ከዕረፍት በፊት ነበር። የድሬዳዋዋ አሥር ቁጥር ከሳጥኑ ውጭ አክርራ መታች፤ ኳሷ የግቡን ቋሚ ገጭታ መረቡ ላይ አረፈች። ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሣ፣ አጨበጨበ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። የጮኸ ሰው አልነበረም። ለመጮህ አፉን የከፈተ ቢኖር እንኳ ድምፁ ሳይወጣ ረገበ። የልብ ምት የተፈቀደለት ጣሪያ ጋ ሲደርስ፣ ከግራ ትከሻ በታች ቆዳ ሥር የተቀበረው፣ ሚዛን የሚሉት መሣሪያ ያዝ ያደርገዋል። ሕዝቡ ለምዶታል። ወጣቶቹማ ሌላ ዓይነት ስታዲየም መኖሩንም አያውቁም፤ ለእነሱ ስታዲየም ጥላ ያለው ጸጥተኛ ቦታ ነው፤ ጎል ሲገባ ይጨበጨባል፣ ሲሳት ይተነፈሳል።

የመሐል ዳኛዋ ሄርሜላ እጇን ወደ መሐል ክቡ ዘረጋች። ጎሉ ንጹሕ ነው። ወደ መሐል በሩጫ ስትመለስ ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ጎደለ። አንድ ምት ዘለለ። ቀጥሎ ሦስት አራቱ ተደራረቡ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ መላ አጣ። ልቧ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ምንም ሥርዓት ይንጣጣ ጀመር። ቆመች። የሚዛኗን ማረሚያ ምት ጠበቀች፤ ሲመጣም እንደ በቅሎ ርግጫ መታት። ልቧ አልተመለሰም። ሁለተኛ ሲረግጣት በጉልበቷ ወረደችና መዳፏን ሣሩ ላይ አስደገፈች።

ተጫዋቾቹ ከበቧት። አንዷም አልደነገጠችም፤ መደንገጥ ከጣሪያ በላይ ነው።

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማ ሳለች የሚዛን ማዕከል ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ሄርሜላ። የልብዎ ምት ተዛብቶ ነበር። መንስኤው ተለይቷል፤ ከልክ ያለፈ ስሜት ነው። ሕክምናው ተጀምሯል።»

ድሬ ላይ ሰው ሰውን «እርስዎ» ብሎ አይጠራም። ከንቲባውም «አንተ» ነው፣ አማችም «አንቺ» ናት። ስለዚህ ማዕከሉ በተናገረ ቁጥር የድሬ ሰው ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ ይመስለዋል። ሄርሜላም ዞር ብላ አየች።

«የምን ስሜት?» አለች።

«ጎል ገብቷል።»

«ጎሉ ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ዳኛ ነኝ!»

«የልብዎ ምት ከመቶ ሰባ አልፎ ነበር።»

«እየሮጥኩ ነበራ!»

«መንስኤው ተለይቷል» አላት ድምፁ፣ በዚያው ለዛ። «መልካም ዕረፍት።»

ሕክምናው ጣሪያዋን ማውረድ ነበር። ሚዛን ለሁሉም ሰው እንደ ሥራው ጣሪያ አለው፤ ለቢሮ ሠራተኛ ዝቅ ይላል፣ ለአናጢ ከፍ፣ ለሯጭና ለዳኛ የበለጠ ከፍ። የሄርሜላ ጣሪያ በዚያው ከሰዓት ዘጠና አምስት ላይ ተቸነከረ። በዘጠና አምስት ጣሪያ ዳኝነት የለም። ፌዴሬሽኑ የመዳኘት ፈቃዷን ያገደው ገና ልብሷን ሳትቀይር ነው።

ሰው በዘጠና አምስት ጣሪያ ይኖራል፤ ብዙዎች ይኖሩበታል። ሄርሜላም አኗኗሩን ተማረች። የሦስተኛ ፎቅ ቤቷን ደረጃ ስትወጣ በየመታጠፊያው ትቆማለች፤ ካልቆመች ሚዛኑ ራሱ ያቆማታል፣ እግሮቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይልፈሰፈሳሉ። መንገድ ስትሻገር መኪና ቢመጣባትም አትሮጥም፤ መኪኖቹ ይህን ስለሚያውቁ ይቆማሉ። ሻወር ለብ ያለ ነው። ዜና አታይም። ኳስ እንድታይ ይፈቀድላታል፤ ውጤቱን አስቀድማ ካወቀች ብቻ።

ባሏ ኪሩቤል የባቡር ጥገና ባለሙያ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ መኢሶ አጠገብ ባቡሩን ስላቆመ ግመል አጫወታት። ግመሉ ሐዲዱ ላይ ተንበርክኮ አልነሣም ብሏል፤ ባለቤቱ ደግሞ የባቡሩን አስተዳዳሪ አፋጦ፣ «የኔ ግመል ከናንተ በፊት ነው የተቀመጠው፣ እናንተ ናችሁ መንገድ የዘጋችሁበት!» እያለ ይሟገታል። ኪሩቤል የሰውየውን ቁጣ፣ የግመሉን ኩራት እያስመሰለ ሲያወራ ሄርሜላ ሳቋ መጣ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው መሐል ላይ፣ መብራት እንደጠፋበት ቤት፣ ሳቁ ድርግም አለ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ኪሩቤል ወሬውን አቋረጠ።

«ይቅርታ» አለ። «ቀስ ብዬ ማውራት ነበረብኝ።»

ሄርሜላን ያንገበገባት ይህ ይቅርታ ነው።

«እስቲ አስበው» አለችው፣ «ሚስትህን ስላሳቅህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልብሽ ነው የታመመው።»

«ምን እንዳመመው ማን ጠየቀ? ስሜት አሉ፣ አበቃ። እኔ ከጎሉም በፊት ነው ልቤ ሲዘልብኝ የከረመው፤ ተኝቼ እንኳ ይዘልብኛል!»

ድምጿ ከፍ ሲል ሚዛኗ ያዛት። እሱም ሊመልስ ሲነሣ የራሱ ያዘው። ሁለቱም ድክም ብሏቸው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በትዳራቸው ዘመን አንድም ጠብ ጨርሰው አያውቁም፤ የጀመሩት ሁሉ እንዲሁ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

ኪሩቤል ሚዛንን የሚወደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሚዛን ከመምጣቱ በፊት አባቱ አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ልባቸው እንዲህ ተዛብቶ ነበር፤ ማንም አላወቀላቸውም። ውኃው እየፈሰሰ ያገኛቸው ኪሩቤል ነው። ያኔ ገና ጢም አላበቀለም። ከዚያ ወዲህ የውኃ ድምፅ ሲረዝምበት ተነሥቶ በር ያንኳኳል። «ደህና ነሽ?» ይላል። «ደህና ነኝ» ስትለው ነው የሚሄደው።

ሄርሜላ ግን ደህና አልነበረችም። ልብሷ ሰፋት። የምትበላው ከኪሩቤል ይበልጣል፣ ሰውነቷ ግን ይሟሽሻል። ድሬ ተወልዳ አድጋ ሙቀት ያልቻለችው ዘንድሮ ነው። ቁልፍ በር ውስጥ ስታስገባ እጇ ይርዳል። ይህን ሁሉ ለማዕከሉ ተናገረች፤ ማዕከሉም አመስግኖ ጣሪያዋን ወደ ዘጠና አወረደላት።

ከዚራ ሰፈር፣ በኒም ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሕመምተኛዋን በእጇ የምትነካ አንዲት ሐኪም ቀርታ ነበር። ዶክተር ኢፍቱ ትባላለች። ሌሎቹ ሐኪሞች ሕመምተኛን የሚያዩት ሚዛን ከሚልከው ቁጥር ነው፤ ለመድኃኒትም ለምክርም ያ ይበቃቸዋል። ኢፍቱ ግን ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት፤ ለመጣ ሰው ሁሉ ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ገጥማ ትቀመጣለች።

«እጅሽን ዘርጊ» አለቻት። ሄርሜላ ዘረጋች። ኢፍቱ በተዘረጉት ጣቶች ላይ አንድ ወረቀት አኖረች፤ ወረቀቱ ነፋስ እንደነካው ተርገፈገፈ።

«አቦ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ በፊት። ጭንቀት ነው ይላሉ።»

«እነማን?»

«ማዕከሉ።»

«ማዕከሉ እጅሽን አይቶታል?» ኢፍቱ ከኋላዋ ዞረችና ጣቶቿን አንገቷ ላይ፣ ከጉሮሮዋ ግራና ቀኝ አሳረፈች። «ምራቅሽን ዋጥ አድርጊ። እንደገና።» ጣቶቿ አንድ ቦታ ላይ ቆዩ። «እናትሽ እንቅርት ነበራት?»

«አክስቴ ነበራት። ምነው?»

ኢፍቱ ተመልሳ ተቀመጠች። «የልብ ምት በብዙ ምክንያት ይዛባል። አንዱ በልጅነቱ ጉሮሮውን ታምሞ በወጉ ሳይታከም ይቀርና በሽታው የልቡን በር ይበላበታል። አንዱ የደም ግፊት ነው፣ አንዱ መጠጥ ነው፣ አንዱ ሲተኛ ትንፋሽ እየተቆረጠበት ነው። ልቡ ራሱ የደከመም አለ። አንዳንዱ ደግሞ እዚህች ጋ ነው።» የራሷን አንገት ነካች። «እዚህ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ አለች። ከልክ በላይ ስትሠራ ሰውነትን ሁሉ ታጣድፋለች። በልተሽ ትከሻለሽ፣ ጥላ ውስጥ ያልብሻል፣ እጅሽ ይርዳል፣ ልብሽ ይሳከራል። ደምሽን ልይና እነግርሻለሁ። ቢመስለኝም አሁን ምዬ አልናገርም።»

የደሙ ውጤት እንደጠረጠረችው ሆነ።

«ልብሽ አላበደም» አለቻት ኢፍቱ። «ዕጢሽ ሩጥ ሩጥ ይለዋል። ሚዛን ደግሞ በላይ በኩል ቁም ይለዋል። በሁለት አለቃ መሐል የተያዘ ሠራተኛ ነው። አንዱን አለቃ ዝም ካሰኘነው ወደ ሥራው ይመለሳል።»

«ይድናል ማለት ነው?»

«ብዙ ጊዜ ይድናል። ዕጢውን የሚያበርድ ክኒን እሰጥሻለሁ። ደም የሚያቀጥን ደግሞ አብረሽ ትወስጃለሽ፤ ይሄኛውን እንዳትዘነጊ። ልብ ሲርገፈገፍ ደም ውስጡ ይተኛል፣ የተኛ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነሥቶ አንጎል ከደረሰ ግማሽ ጎንሽን ይዞት ይሄዳል። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች ሄርሜላ። ከታመመች ወዲህ ሰው ሲያስረዳት የመጀመሪያዋ ነው። ልታለቅስ ፈለገች፤ ሚዛኗ አልፈቀደላትም።

ኢፍቱ የደሙን ውጤት ለማዕከሉ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ለዚህ ክስተት መንስኤ ተመዝግቧል። ለአንድ ክስተት ሁለት መንስኤ አይመዘገብም።» ኢፍቱ ጮክ ብላ አነበበችውና ጥርሷን ነክሳ ሳቀች።

ሄርሜላ ክኒኖቹን ዋጠች። ጥቂት ሳምንታት ምንም አልተለወጠም፤ ቀጥሎ ግን ለውጡ ተራ በተራ መጣ። መጀመሪያ እጇ ጸና። ከዚያ ልብሷ ጠበባት፤ ቀበቶዋን ስታላላ ደስ አላት። ከዚያ አንድ ማለዳ ስትነቃ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደጎደላት ተሰማት። ተጋድማ አዳመጠች። የጎደለው ሁከቱ ነበር። ልቧ ዱብ ዱብ፣ ዱብ ዱብ ይላል፤ ያለ መዝለል፣ ያለ መደራረብ። ኢፍቱ ማዳመጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ሰማችና «የሰው ልብ» አለች፣ ብቻ።

በዚያው ሰሞን ማዕከሉ ደወለ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ሄርሜላ! የልብዎ ምት ተስተካክሏል። ሕክምናው ውጤታማ ሆኗል።»

«የቱ ሕክምና?»

«ጣሪያዎን ዝቅ ማድረጋችን። ውጤታማ በመሆኑ ለዘለቄታው ይጸናል።»

ሄርሜላ ያኔ ገበያ መሐል ነበረች፣ በአንድ እጇ ፓፓያ ይዛ። ፓፓያውን ቀስ ብላ መለሰችው።

ማዕከሉ ሰው አለው፤ አብዛኛው ሰው ይህን አያውቅም። ሄርሜላ ደጁ ተመላልሳ፣ እንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሣም ብላ፣ በመጨረሻ ኃላፊው ቢሮ ገባች። አቶ ሱራፌል ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ፊቱ ደግ ሰው ነበር። ወንበር ሳበላት፣ ውኃ ቀዳላት።

«የዶክተሯን ሪፖርት አይቼዋለሁ» አለ። «ምናልባት እውነት ይሆናል። ግን እርስዎ ራስዎ ያስቡት። ጣሪያው ወርዷል፣ ልብዎ ተስተካክሏል። ሥርዓቱ የሚያውቀው ይህን ነው። እንሰርዘው ካልን ነገ ሁሉም ሰው ዶክተር ይዞ ይመጣል።»

«ይምጣ። ምናለበት?»

«ወይዘሮ ሄርሜላ፣ ከሚዛን በፊት በዚህች ከተማ በድንገት የሚወድቀውን ሰው ያውቃሉ። አሁን የሚወድቅ የለም ማለት ይቻላል።»

«አውቃለሁ። የባሌ አባት አንዱ ነው። ይህን የሚያህል ነገር ስለሠራችሁ አመሰግናለሁ።» ይህን ስትል ከልቧ ነበር። «ግን የወደቀን ማንሣት አንድ ነገር ነው። እኔ ልውደቅ አልውደቅ ሳታውቁ አስቀምጣችሁኛል።»

ሱራፌል ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ሌላም ጥቅም አለው። የአምናውን የገበያ ግርግር ያስታውሱታል? አያስታውሱም፤ ስላልነበረ። ስታዲየም ድንጋይ ውርወራ የለም። ቤት ውስጥ ዱላ ቀንሷል። ከተማው ረግቷል። ይህን የሚጠላ ሰው አላየሁም።»

«ለልብ ነበር ያላችሁን።»

«ለልብ ነው።»

«ለልብማ አይደለም።»

ቁጣ ሊመጣባት ሲል ሚዛኗ እንደ ልማዱ ያዘው። ልቧ ዘጠና ላይ ቆመ፤ እጆቿ ዛሉ። ግን ያልጠበቀችውን አንድ ነገር አገኘች። ሐሳቡ አልዛለም። ቁጣው ከደረቷ ተባርሮ ሲሄድ ምክንያቱ እዚያው ነበር፣ ጥርት ብሎ፣ የቀዘቀዘ። እንዲያውም ለመናገር የተመቸ።

«ስማኝ፣ ሱራፌል» አለች ዝግ ብላ። ሰውየው «አንተ» ሲባል ዓይኑን አርገበገበ። «በሽታዬ ድኗል። የዳንኩት በክኒን ነው። መድኃኒቱን ያገኘችው አንገቴን የነካች ሴት ናት። ጣሪያዬን ወደ ቦታው መልስልኝና ወደ ሥራዬ ልሂድ።»

«መቶ አሥር አደርግልዎታለሁ። ከቪዲዮ ክፍል ሆነው ይዳኙ። ይህን በራሴ ኃላፊነት ነው የማደርገው።»

«ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ብለው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ሌላ መንገድ የለም። ላጥፋው ቢሉም፣ ሚዛን የሌለው ሰው ባቡር አይሳፈርም፣ ስታዲየም አይገባም፣ ቢወድቅ አምቡላንስ ቶሎ አያገኘውም። ይህን ይወቁት።»

«ስላሳወቅኸኝ አመሰግናለሁ» አለችና ውኃውን ጠጥታ ወጣች።

ዶክተር ኢፍቱ ለቀዶ ሕክምና ጊዜ ሚዛንን የምታስተኛበት መዳፍ የምታህል ዕቃ ነበራት። ሄርሜላ የእሷን ሚዛን ለዘለቄታው እንድታስተኛላት ስትጠይቃት ወንበሯን ይበልጥ አስጠጋች።

«አልዋሽሽም» አለች። «ልብሽ ዛሬ ጤነኛ ነው። ዕጢሽ ተይዟል። ዛሬ ሚዛን የሚያስፈልግሽ ሰው አይደለሽም። ነገ ከነገ ወዲያ ግን ሊመለስብሽ ይችላል፤ ክኒንሽን ትውጫለሽ፣ በየወሩ ደምሽን አያለሁ፣ ልብሽ ከዘለለብሽ በሩጫ ትመጫለሽ። ለሌላ ሰው ይሄን አላደርግም፤ ሚዛን ባይኖራቸው የማያድሩ ሕመምተኞች አሉኝ።»

«ፈቃድሽን ይወስዱብሻል።»

«ይውሰዱት። አንገት ለመንካት ፈቃድ የሚሰጠኝ ማነው?»

ከባድ የሆነው ለኪሩቤል መንገር ነበር። ነገረችው። ፊቱ ነጣ፤ ሚዛኑ ሊያረጋጋው ሲሞክር ደረቱ ላይ እጁን አኖረ።

«አባቴን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺንም እኔ ላግኝሽ?»

ሄርሜላ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባትህን የገደለው ያልታወቀለት በሽታ ነው። የእኔ ታውቋል። ኪሩ፣ ልቤ ድኖ በበሽተኛ ልክ እየኖርኩ ነው። ስስቅ ይቅርታ ትለኛለህ። እንዲህ ሆኜ ለብዙ ዘመን ብኖርልህ ምኔን ነው የምታኖረው?»

ተነሥቶ ክኒኗንና ውኃ አመጣላት። ኢፍቱ ጋ በሄደች ቀንም ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሯት ሄደ፤ ዕቃው ከትከሻዋ በታች ሲያርፍ እጇን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየ። ዕቃው አንዴ ጢጥ አለ። ሌላ ምንም አልተሰማም።

«አሁን የራስሽ ነው» አለች ኢፍቱ።

ሄርሜላ ደረጃውን ወረደች፤ መንገድ ዳር ደርሳ ዞረችና ያንኑ ደረጃ በሩጫ ወጣችው፤ ላይ ደርሳ እያለከለከች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ የልቧን ድለቃ እያዳመጠች ጮኸች። ቃል አልነበረም፤ ጩኸት ብቻ ነው። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ አየ። በዚያ መንገድ ሰው ሲጮህ ከተሰማ ዘመን አልፎታል።

ስታዲየም አትገባም። ፌዴሬሽኑም ስልክ አያነሣላትም። ነገር ግን ደቻቱ ወንዝ በጋ ሲሆን ውኃ የለውም፤ ሰፊ አሸዋ ነው፣ በላዩም ድልድይ አለ። የሳቢያንና የከዚራ ሰፈር ሴቶች በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ እዚያ አሸዋ ላይ በኳስ ይጋጠማሉ። የከዚራዋ አምበል ረድኤት አንድ ቀን ሄርሜላን መንገድ ላይ አስቆመቻት።

«ዳኛ፣ ሚዛንሽን አጠፋሽ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ትፈሪያለሽ?»

«አዎ።»

«እሑድ ትዳኝልናለሽ?»

«እዳኛለሁ።»

እሑድ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ድልድዩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰዉ የመጣው ጨዋታውን ሳይሆን ሴትዮዋን ሊያይ ነው፤ ትወድቅ እንደሆነ። ዶክተር ኢፍቱ ቦርሳዋን ይዛ መስመሩ ጥግ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያን ሳምንት ከማዕከሉ ተጠርታ ፈቃዷ ታግዷል፤ እሷ ግን ኳስ ለማየት ፈቃድ እንደማያስፈልግ ለጠየቃት ሁሉ ትመልሳለች። ኪሩቤል አሸዋው ላይ አልወርድም ብሎ ድልድዩ ላይ፣ የብረት መደገፊያውን ጨብጦ ቆሟል።

ጨዋታው ተጀመረ። ሄርሜላ ሮጠች። አሸዋው እግር ይይዛል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። መጀመሪያ ልቧ ከፍ ባለ ቁጥር የለመደችውን መያዝ እየጠበቀች ትሳቀቅ ነበር፤ መያዙ አልመጣም። ልቧ ወጣ፣ ወጣ፣ ጆሮዋ ውስጥ ደለቀ። ፈጣን ነው፤ ግን እኩል ነው። ረድኤት ላይ ጥፋት የሠራችውን ተከላካይ ቢጫ ካርድ አሳየቻት፤ ተከላካይዋ ልትከራከር አፏን ከፍታ ረገበች። ሄርሜላ አዘነችላት።

ከዕረፍት በኋላ ሱራፌል ከሁለት ጥበቃዎች ጋር አሸዋውን እየረገጠ መጣ። የሚያበራ ጫማው በአቧራ ነጥቷል። በእጁ ሰሌዳ ይዟል፤ እዚያ የተሰበሰበው ሰው ልብ ሁሉ በሰሌዳው ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ጣሪያው ጋ ያልደረሰ አረንጓዴ፣ የደረሰ ቀይ።

«ጨዋታው ይቁም» አለ።

«ሰዓቱ አልሞላም» አለች ሄርሜላ።

«እዚህ ቢወድቁ ኃላፊነቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ልብዎ ቢቆምስ?»

«ሲቆም የእኔ ልብ ነው የሚቆመው። እስኪቆም ግን እንዲሮጥ ተወው።»

ሱራፌል ድልድዩን አሳያት። «የእርስዎ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው እርስዎን እያየ ይታወካል። ነጥቦቹ ቀይ ከሆኑ ሕዝቡን እንድበትን ሥልጣን አለኝ፤ አልፈልግም፣ ግን እበትናለሁ።»

ሄርሜላ ቀና ብላ አየች። ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል። መቆጣት የፈለገው ቁጣው ረግቦበት፣ መጮህ የፈለገው ድምፁ አልወጣለት ብሎ ቆሟል። ከመሐላቸው ኪሩቤልን ለየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ኪሱ ከተተ፣ የቤት ቁልፍ አወጣ፣ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ከዚያ ቁልፉን በብረት መደገፊያው ላይ መታው።

ጋ።

ጠበቀ። ትንፋሹን አስወጣ። እንደገና መታ።

ጋ።

በቀስታ ነበር የሚመታው፤ ልቡን እንደ ሕፃን አቅፎ እያባበለ፣ ከጣሪያው በታች አድርጎ። አጠገቡ የቆሙ አሮጊት ዱላቸውን አነሡና ከእሱ ጋር እኩል መቱ። ከዚያ አንድ የባጃጅ ሹፌር በቀለበቱ። ከዚያ በጠርሙስ፣ በጫማ ተረከዝ፣ በባዶ እጅ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተጣደፈም። በሁለት ምት መሐል ሰው ረጋ ብሎ ተንፍሶ የሚጨርስበት ጊዜ ነበር፤ ምቱ ሲወርድ ግን ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ፣ አሸዋው ከሥሩ ተንቀጠቀጠ።

ሱራፌል ሰሌዳውን አየ። አረንጓዴ ነው። አገላበጠው፤ አሁንም ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው።

«ምን እናድርግ?» አለው አንደኛው ጥበቃ።

ሱራፌል ቀና ብሎ ድልድዩን አየ። ድልድዩ መታ። ሄርሜላ ወደ ሱራፌል ሁለት እርምጃ ቀርባ በእጇ መስመሩን አሳየችው።

«ከሜዳው ውጣልኝ» አለች። «ጨዋታ እያቋረጥክ ነው።»

ሰውየው ሰሌዳውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ አሸዋ የሞላውን ጫማውን እየጎተተ ከመስመሩ ውጭ ወጣ። ሄርሜላ ፊሽካዋን ነፋች። ረድኤት ኳሷን ከማዕዘኑ አሻማች። ድልድዩ በቀስታ፣ በከባዱ ይመታል፤ ሄርሜላ ግን ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ግቡ ሮጠች።